ራምቦ ያልኖረበት የራምቦ ቤት፦ ለእረፍት ገብቶ ሐረር ለሚሄድ ሰው

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ በጀጎል ውስጥ፣ «መኪና ግርግር» ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ታጥፎ በአንዲት ቀጭን መንገድ የሚደረስበት ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት አለ። የከተማው ሰው «ራምቦ ቤት» ይለዋል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ የኖረበት ነው እየተባለ ይጎበኛል። አልኖረበትም። ራምቦ የሞተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1891 ማርሴይ ውስጥ ሲሆን፣ ዛሬ የቆመው ቤት ከዚያ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ይህን ሳያውቅ የገጣሚውን አልጋና የጽሑፍ ጠረጴዛ ፍለጋ የሚገባ ሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ «ይኼን ለማየት ነው እንዴ ከአዲስ አበባ የመጣሁት?» እያለ ይወጣል። አውቆ የገባ ግን በአገሪቱ ውስጥ ከቀሩት ውብ የእንጨት ቤቶች አንዱን ያያል፣ የድሮዋን ሐረርም በፎቶ ያገኛታል። ከታች ያለው ከአውሮፕላን ትኬቱ ጀምሮ እስከ መመለሻው ድረስ የትኛው አገልግሎት ገንዘቡን እንደሚያክል፣ የትኛው ላይ መጠንቀቅ እንደሚገባ ነው።

ሐረር የራሷ ኤርፖርት የላትም፤ የሚታረፈው ድሬዳዋ ነው። በረራው አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ትኬት ላይ ብዙ ዲያስፖራ የሚሳሳተው ዘመድ አገር ቤት ሆኖ እንዲቆርጥለት ሲያደርግ ነው። ወደ አዲስ አበባ የመጣችሁት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ለሀገር ውስጥ በረራ ቅናሽ ይደረግላችኋል፤ ቅናሹ የሚታሰበው ግን የዓለም አቀፍ ትኬቱ ቁጥር ሲቀርብ ነው። ዘመድ «እኔ እጨርሰዋለሁ» ብሎ በነዋሪ ዋጋ ከቆረጠ፣ ኤርፖርት ላይ የውጭ ፓስፖርት ሲወጣ ልዩነቱን ክፈሉ መባል ይመጣል፤ ያውም ሰልፍ ላይ ተቆሞ። ስለዚህ ትኬቱን ራሳችሁ፣ ከውጭ ሳላችሁ ቁረጡ። ሰዓቱንም ደግማችሁ እዩ። ትኬት ላይ 14:00 ያለው በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው፤ የድሬዳዋ ሚኒባስ ሾፌር ግን የሚነግራችሁ ሁልጊዜ በሀበሻ ሰዓት ነው። ሁለቱን አቀላቅሎ አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም።

ባቡሩ ሌላ አማራጭ ነው። አዲሱ የጅቡቲ መስመር ድሬዳዋ ላይ ይቆማል፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ውጭ ስለሆነ ከዚያ ወደ መናኸሪያ የሚወስድ ባጃጅ ወይም መኪና መፈለግ ግድ ነው። በየቀኑ ስለማይሄድ ቀኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ትላልቆቹ አውቶቡሶች ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስተው በአዋሽ፣ በጭሮና በሂርና አድርገው ሲገቡ ቀኑ አልቋል። መንገዱን ለማየት ከሆነ ደግ ነው፤ ሁለት ሳምንት ብቻ ላለው ሰው ግን አያዋጣም። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዋዜማው ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፤ ሐረር 1,885 ሜትር ላይ። በደንገጎ ጠመዝማዛ ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ጆሮም ይደፈናል፤ ሆዱ የሚገላበጥበት ሰው ከፊት ይቀመጥ። የቀድሞው የባቡር ሐዲድ ሐረርን ትቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋን የወለደው በዚሁ ዳገት ምክንያት ነው። ሚኒባሱ ሲሞላ ይነሳል፤ የሰው ዋጋ ትንሽ ነው። ሻንጣ ያለው ሰው ላይ ግን ረዳቱ የራሱን ታሪፍ ያወጣል፤ «ሻንጣው የሰው ቦታ ይዟል» ይላል። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ካላችሁ ኮንትራት መያዝ ይሻላል። ኮንትራት ስትነጋገሩ ሦስት ነገር ከመነሻው ቁረጡ፦ ዋጋው የመኪናው እንጂ የሰው እንዳልሆነ፣ መድረሻው የሆቴሉ በር እንጂ መናኸሪያው እንዳልሆነ፣ በመንገድ ሌላ ሰው እንደማይጫን። ሦስተኛው ካልተነገረ ሐሮማያ ላይ ሁለት ሰው ይጨመርባችኋል።

ገንዘብን በተመለከተ፦ በውጭ ካርድ መክፈል ሐረር ውስጥ ከጥቂት ትልልቅ ሆቴሎች በቀር አይታሰብ። ኤቲኤም አለ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም ብር ሲያልቅበት ግን ለቀኑ አለቀ ማለት ነው። የሚያስፈልገውን ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ ባንክ መንዝሮ መምጣት ይበጃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ባንክ ቤቱና ጥቁር ገበያው እንደ ድሮው አልተራራቁም፤ ከሰው ኪስ መመንዘር ለትንሽ ትርፍ ትልቅ አደጋ መግዛት ነው። ቴሌብር ያለው ሰው ብዙ ይቀለዋል፤ ባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር ይቀበላል። የ200 ብር ኖት ብቻ ይዞ ጀጎል መግባት ግን ራስን ማስቸገር ነው፦ መልስ የለም፣ «ለሻይ ይሁን» ይመጣል። የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ለብቻ ያዙ።

ማረፊያ ላይ ምርጫው ሁለት ነው፤ ከግንቡ ውጭ ያለ ሆቴል ወይም ጀጎል ውስጥ በሐረሪ ቤት የተከፈተ የእንግዳ ማረፊያ። የሚመከረው ሁለተኛው ነው፣ ከነጉድለቱ። ጉድለቱ ውኃ ነው። ከተማዋ ትጠጣበት የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ፣ ውኃው ከሩቅ፣ ከድሬ ጃራ እንዲሳብ ከተደረገ ወዲህም ቢሆን ቧንቧ በየቀኑ ይመጣል ብሎ የሚተማመን ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ክፍል ከመያዝ በፊት የሚጠየቀው «ሙቅ ውኃ አለ?» ሳይሆን «ሮቶ አላችሁ? ስንት ሊትር? ዛሬ ሞልቷል?» ነው። ሙቅ ውኃ አለ የሚል ሁሉ ማሞቂያው አለው ማለት እንጂ ውኃው አለው ማለት አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ የመጸዳጃው ጉዳይ ነው፤ ነባሮቹ ቤቶች ውስጥ መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ለጋራ ነው፤ ለእናት ወይም ለልጅ የሚከብድ ከሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ሻንጣ። መኪና ቤቱ በር አይደርስም፤ ጎማ ያለው ሻንጣ ደግሞ በጀጎል ድንጋይ ላይ አይገፋም። አከራዩ ልጅ ልኮ እንዲያሸክም ከወዲሁ ተስማሙ።

በቤቱ ውስጥ ግን የሚገኘው በሆቴል አይገኝም። የሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ወንበር የለውም፤ በቀይ አፈር የተለሰኑ አምስት ነደባዎች፣ ማለት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት። የአሚር ነደባ ለቤቱ ባለቤትና ለክቡር እንግዳ ነው፤ ሳይባል ዘሎ እዚያ ላይ መቀመጥ ነውር ነው። ሱትሪ ነደባ ከዓይን የተከለለው ነው፤ ገብቲ ነደባ በበሩ በኩል ያለው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ግድግዳው ላይ የቁርኣንና የዕቃ ማስቀመጫ መስኮቶች አሉ፤ ዙሪያውን ስፌቱና ሳህኑ ተደርድሮ ይሰቀላል። የወለሉ ቅላት በጃንዋሪ 1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ብለው አስጎብኚዎች ይናገራሉ። እግረ መንገድ አንድ ነገር፦ «አደሬ» የሚለውን ስም እኛ ለምደነዋል እንጂ ባለቤቶቹ ራሳቸውን ጌይ ኡሱእ፣ ቋንቋቸውን ጌይ ሲናን ነው የሚሉት። በአማርኛ «ሐረሪ» ብሎ መጥራት ከማንም አያጋጭም።

የክፍል እጥረት የሚኖርባቸውን ቀናት ዕወቁ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ድሬዳዋና ሐረር ሞልተው ሰው መኪና ውስጥ ያድራል፣ በረራውም ከወር በፊት ያልቃል። ሌላው ሹዋሊድ ነው፤ ከዒድ አልፈጥር ሳምንት በኋላ ሐረሪዎች ከየዓለሙ ተሰብስበው የሚያከብሩት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል። ሹዋሊድን ለማየት መሄድ ያስመሰግናል፤ ክፍል ሳይይዙ መሄድ ግን አያስኬድም።

አስጎብኚ ያስፈልጋል ወይ? ጀጎል 48 ሄክታር ላይ 368 መተላለፊያ አላት ይባላል፤ መጥፋት ቀላል ነው፣ መውጣትም ቀላል ነው፤ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ከአምስቱ ነባር በሮች አንዱን ያገኛል። ስለዚህ ለመንገድ ብቻ ከሆነ አያስፈልግም። ለራምቦ ቤትና ለሐረሪ ቤት ግን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ያለ ነጋሪ ግማሹ አይገባም። መያዝ ያለበት ባጅ ያለው የከተማው አስጎብኚ ነው። ሐረር በር ላይ «ወንድሜ፣ እኅቴ፣ እኔ አሳያችኋለሁ» እያለ የሚከተል ልጅ ብዙ ነው፤ ልጁ ክፉ አይደለም፣ ግን ሲያበቃ የሚጠይቀው ዋጋ ሲጀምር ከተናገረው ጋር አይመሳሰልም። ዋጋ ስትነጋገሩ ለቡድኑ ነው ወይስ ለሰው፣ ግማሽ ቀን ሲባል ስንት ሰዓት ነው፣ የሙዚየም መግቢያ ይጨምራል ወይ፣ ለሐረሪዋ ባለቤት የሚሰጠው የቤት ማሳያ ይጨምራል ወይ፣ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ማየቱ ይጨምራል ወይ ብላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። ጅቡ ሁልጊዜ ለብቻ ነው፤ «ይጨምራል» ካለ ደግማችሁ ጠይቁት።

የአስጎብኚ ጥራት የሚለካበት ቀላል መንገድ አለ። «ራምቦ እዚህ ቤት ኖሯል?» በሉት። «አዎ፣ እዚህ ክፍል ነበር የሚተኛው» ካለ ሌላ ፈልጉ። «እዚህ አይደለም፤ እሱ የሠራበት የንግድ ቤት ፈረስ መጋላ አደባባይ ነበር» ካለ ያዙት። ሌላው የሚሰማው ተረት ራምቦ ለዓድዋ ጦርነት ጠመንጃ አመጣ የሚለው ነው። ጠመንጃ አምጥቷል፤ ወደ 2,000 የሚጠጋ፣ ያውም በዘመኑ ያረጀ ዓይነት። ከታጁራ ወደብ ጭኖ በአፋር በረሃ አንኮበር የደረሰው ግን በፌብሩዋሪ 1887 ነው፤ ዓድዋ ላይ ሲዋጉ እሱ ከሞተ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ምኒልክ ሒሳቡን የከፈሉትም በጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ ሐረር ሄደህ ከገዥው ከመኮንን ተቀበል የሚል ወረቀት ነው የሰጡት። «ነገ ና» የሚባል ነገር ያኔም ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤቱ። መንገዱ ቀላል ነው፦ በሐረር በር ገብቶ ዋናውን መንገድ ይዞ ፈረስ መጋላ አደባባይ መድረስ፤ ከዚያ መኪና ግርግር የሚባለውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወደ ታች መውረድ። ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ከመንገዱ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ «ራምቦ ቤት» ብሎ መጠየቅ ነው፤ «ሬምቦ» ወይም «አርተር» ካላችሁ የሚገባው ሰው የለም። ልጆቹ ስሙን የፊልሙን ተዋጊ አስመስለው ነው የሚጠሩት፤ አይግረማችሁ።

ሰዓቱ ላይ የሚጠፋው ሰው ብዙ ነው። እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት በምሳ ሰዓት ይዘጋል፤ ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ሶላት ከ5:30 እስከ 7:30 ማንንም አታገኙም። ጥሩው ሰዓት ጠዋት ከ3 እስከ 5 ነው፤ ለሰዓት ስል አይደለም፣ ለብርሃን ስል ነው፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል። መግቢያው የዜጋና የውጭ ዜጋ ተብሎ ሁለት ዋጋ አለው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለት ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ዋጋ ከመነገሩ በፊት ካርዱን ያውጣ፤ የውጭ ዜጋ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ደረሰኝ ማስቀየር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፎቶ ኮፒውን ሳይሆን ዋናውን ያዙ። ደረሰኝም ተቀበሉ።

ቤቱን ከውጭ እዩት መጀመሪያ። ፊቱ በሙሉ እንጨት ነው፤ የተቀረጸ፣ በሕንዶች እጅ ስልት የተሠራ፣ ከዙሪያው ነጭ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳዎች ጋር ምንም የማይመሳሰል። ሐረር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ከሕንድ፣ ከአርመን፣ ከግሪክ የመጡ ነጋዴዎች የሰፈሩባት ከተማ ነበረች፤ ቤቱ የዚያ ዘመን ምስክር ነው እንጂ የገጣሚ መታሰቢያ ሆኖ የተሠራ አይደለም። ውስጥ ሲገባ ዓይን የሚሄደው ወደ ሁለት ነገር ነው፦ በሥዕል ወዳጌጠው ኮርኒስና ወደ መስኮቶቹ። መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት አላቸው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ጠዋት ፀሐይ ስታርፍባቸው ቀለሙ ጣውላው ወለል ላይ ይወርድና ከእግር ሥር ይንቀሳቀሳል። ከሰዓት በኋላ ደመና ካለ፣ በዚያ ላይ መብራት ከጠፋ፣ ያው መስኮት ደብዛዛ ብርጭቆ ነው። ለዚህ ነው ጠዋት የተባለው።

የታተሙት ፎቶዎች ላይ ብዙ ሰው ቶሎ ያልፋል፤ ሊቆም የሚገባው እዚያ ነው። ራምቦ ሐረር መጀመሪያ የመጣው በዲሴምበር 1880 ነው፤ ከዘይላ ወደብ ተነስቶ ሃያ ቀን በፈረስ ተጉዞ፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ግጥም መጻፉን እርግፍ አድርጎ ከተወ ዓመታት በኋላ። ሥራው የመን፣ ኤደን ለሚገኝ የባርዴ የንግድ ድርጅት ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ መግዛት ነበር። ከተማው ያኔ በግብፆች እጅ ነበር። ከፈረንሳይ ካሜራ አስመጥቶ በ1883 የራሱን ፎቶ አነሣ፤ አንዱን በቤት ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱን በቡና ማሳ ውስጥ፣ አንዱን እጁን አጣምሮ በሙዝ ተክል መካከል። ያን ዓመት በሜይ ለቤተሰቡ ሲልካቸው «ሁሉም ነጣ፤ የማጥብበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ነው» ብሎ አማሯል። ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው ፊቱ በደንብ የማይለየው፣ ልብሱና ሰማዩ አንድ የሆኑት በዚያ ምክንያት ነው፤ የማተሚያው ጥፋት አይደለም። የሐረር ውኃ ነገር የዛሬ ብቻ አይደለም።

ከእሱ ካሜራ ከወጡት ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ የቡና ከረጢት የሚሠራ ሰው ፎቶ አለ፤ ዙሪያውን የዕቃው ዓይነት ተዘርግቶ። ከራሱ ከራምቦ ፎቶዎች ይልቅ ይኼኛው ስለ ከተማው ብዙ ይናገራል፤ ከተገኘ ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት። ከእሱ ቀጥሎ የዘመኑ ሌሎች ተጓዦች ያነሷቸው የገበያ፣ የበርና የሰው ፎቶዎች አሉ። አስጎብኚው «ይኼ ፈረስ መጋላ ነው» ሲላችሁ ስልካችሁ ላይ አንሱት፤ ሲወጡ አደባባዩ ላይ ቆሞ ማነጻጸር ከጉብኝቱ ሁሉ የሚጥመው ክፍል ነው።

ጉድለቱ የት ላይ ነው? የጽሑፍ ማብራሪያዎቹ ላይ። ነገሩ የተዘጋጀው በዋናነት ለፈረንጅ ጎብኚ መሆኑ ያስታውቃል፤ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ለማያነብ አባት ወይም እናት ቤቱ ዝም ይላል። በሐረር ላይ፣ ለሐረር ሕዝብ፣ በሐረሪና በአማርኛ፣ በኦሮምኛም ደህና አድርጎ የሚናገር ጽሑፍ ቢኖር ቤቱ ሌላ ይሆን ነበር። ሁለተኛው ጉድለት ቤተ መጻሕፍት የሚመስል ነገር ጠብቀው ለሚመጡ ነው፤ የገጣሚው የእጅ ጽሑፍ እዚህ የለም። ሐረር ሆኖ ግጥም አልጻፈም፤ የጻፈው ለእናቱና ለእኅቱ ደብዳቤ፣ ለነጋዴዎች ሒሳብ፣ በ1884 ደግሞ በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የወጣ ስለ ኦጋዴን የተጠናቀረ ዘገባ ነው። ለአማርኛ አንባቢ የሚጣፍጥ አንድ ነገር ግን በደብዳቤዎቹ አለ፦ በ1885 ከኤደን ሆኖ ቤተሰቡን የዳባዲን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ገዝታችሁ ላኩልኝ ብሎ ጠይቋል። ንግዱ ወደ ሸዋ ሊሄድ ነበርና።

አስጎብኚው መጨረሻውን ሳይነግራችሁ እንዳትወጡ። ከ1888 ጀምሮ ተመልሶ በራሱ ስም ሐረር ነገደ። በ1891 መጀመሪያ ጉልበቱ አበጠ፤ መቆም አቃተው። ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ፣ 16 ሰው እየተፈራረቀ ተሸክሞት፣ በኤፕሪል ከሐረር ወጥቶ በ12 ቀን ዘይላ ደረሰ። ሜይ ላይ ማርሴይ ውስጥ እግሩ ተቆረጠ። ሲሞት 37 ዓመቱ ነበር፤ ሐረር ላይ ሲያገለግለው ለነበረው ለጃሚ ገንዘብ እንዲሰጥ ተናዝዟል።

ከላይኛው ፎቅ ከተማው ይታያል፤ የመስጊድ ሚናራዎች፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከግንቡ ማዶ ተራራው። ጣውላው ያረጀ ስለሆነ ቡድን ሆኖ አንድ ጥግ ላይ መከማቸት ደግ አይደለም። ደረጃው ጉልበት ለሚያመው ይከብዳል፤ ከታች መጠበቅ የሚፈልግ ካለ ጥላ ፈልጉለት።

በዚያው ሰፈር የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ነው እየተባለ ይነገራል። ዛሬ የሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ነው፤ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግላቸው ሲሰበስቡ የኖሩት የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጥና መሣሪያ የተቀመጠበት። እውነቱ ይነገር ከተባለ ከራምቦ ቤት ይበልጣል። ለሁለቱ አንድ ትኬት አይሠራም፤ ለየብቻ ይከፈላል። ጊዜ ያነሰው ሰው ለራምቦ ቤት 40 ደቂቃ፣ ለሸሪፍ አንድ ሰዓት ተኩል ይስጥ። ቅደም ተከተሉ ግን ራምቦ ቤት መጀመሪያ፣ በብርሃኑ ምክንያት።

ምሳ ላይ ብዙ አልቆይም። ፈጢራ ጠዋት ነው የሚጥመው። ከአብሽ የሚሠራውን ሁልባት ማረቅ የሚያቀርብ ቤት ካገኛችሁ አትለፉ። ከቡና ቅጠል ወይም ከገለባው በወተት የሚፈላውን ሆጃ ሆቴል ውስጥ አትጠይቁ፤ ያረፋችሁበትን ቤት እናት ለምኗቸው።

የማታው ጅብ ከግንቡ ውጭ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ክፍያው በሰው ነው፤ ባጃጁ ቆሞ የሚጠብቅበት ለብቻ ነው፤ የመልሱን ዋጋ ሳትነጋገሩ እንዳትወርዱ፣ በጨለማ ሌላ ባጃጅ የለም። ሥጋውን የያዘውን እንጨት በአፍ ነክሶ ማብላት ትችላላችሁ ይባላል፤ ልጅን ግን አታስገቡ። ፍላሽ አጥፉ፤ ለጅቡም ለመጋቢውም አይመችም፣ ፎቶውም አይወጣም።

ግዢ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጊድር መጋላና ፈረስ መጋላ አካባቢ አዲስ ስፌት፣ አዲስ ጌጥ፣ የተቆላ የሐረር ቡና መግዛት ችግር የለውም። አሮጌ ሳንቲም፣ አሮጌ ብር ጌጥ፣ የብራና ወይም የእጅ ጽሑፍ ቁርኣን ግን ሌላ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነ ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ቦሌ ላይ ይያዛል። ሻጩ «ችግር የለውም፣ ብዙ ሰው ወስዷል» ይላችኋል፤ ችግሩ የእሱ አይደለምና። የቆየ የሚመስል ነገር ከገዛችሁ ከመብረራችሁ በፊት አዲስ አበባ የቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ አሳይታችሁ ወረቀት ያዙ፤ ለዚያ የሚሆን አንድ የሥራ ቀን ተዉ። ቅዳሜ ከሐረር ተመልሶ እሑድ ሌሊት የሚበር ሰው ይህን ማድረግ አይችልም።

መመለሻው ላይ የሚበላው ጊዜ አወዳይ ነው። የጫት ገበያው ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ መንገዱ በአይሱዙና በሰው ይዘጋል፤ የአንድ ሰዓቱ መንገድ ሁለት ይሆናል። የከሰዓት በረራ ያለው ሰው ከሐረር ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ይነሳ፤ ሾፌሩ «አንድ ሰዓት ይበቃናል» ቢልም። ጠዋት ከሆነ በረራው፣ ድሬዳዋ አድሮ «ከዚራ» በሚባለው ሰፈር በጥላው ሥር እራት መብላቱ ከደንገጎ ቁልቁለት ጋር በጨለማ ከመታገል ይሻላል።